የስክሪን ቀረጻ ከጆሮ ይጀምራል

የኮምፒውተሩን ስክሪን ለመቅረጽ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ምስል ነው። ስንት ፒክስል ይሁን? በሰከንድ ስንት ፍሬም ይያዝ? አርማውን ቪዲዮው ላይ የማይለጥፍ ነፃ ፕሮግራም የቱ ነው? ድምፁ ግን ማይክ ከተሰካ በራሱ የሚመጣ ይመስለዋል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ ድምፁ ይሰናዳል፣ ተሞክሮ ይደመጣል፣ ምስሉ ከዚያ ይከተላል። በሚቀርጹበት ሰዓት ስክሪኑ ዓይንዎ ፊት ስለሆነ የምስል ጉድለት ካለ ወዲያው ያዩታል። ማይኩ የሚሰማውን ግን እርስዎ አይሰሙትም። ማይኩ ተዘግቶ እንደነበር፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ ከተናጋሪው ድምፅ በልጦ እንደገባ፣ ወይም ከኮምፒውተሩ ውስጥ ይወጣ የነበረው ድምፅ ጭራሽ እንዳልተያዘ የሚታወቀው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዓይን የማይጠበቀውን ነገር አስቀድሞ ማሰናዳት የግድ ነው።

የፋይሉ መጠንም ይህንኑ ይደግፋል። 1920 በ1080 ፒክስል የሆነ ስክሪን በሰከንድ 30 ጊዜ ሲያዝ፣ ሳይጨመቅ፣ በየሰከንዱ 187 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ48 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት የተያዘ ስቴሪዮ ድምፅ በሰከንድ 192 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ የምስሉን አንድ ሺህኛ ግድም መሆኑ ነው። ድምፅ ያን ያህል ቀላል ነገር ከሆነ ምን ያስጨንቃል የሚል ይኖራል። ነገር ግን በትምህርት ቀረጻ ውስጥ ያለ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥቂት ፍሬሞች ቢጠፉ ከፊታቸው ያለው ይተካቸዋል፣ ተመልካቹም ልብ አይልም። ከድምፁ ላይ የሰከንድ ሩብ ሲቆረጥ ግን አንድ ሙሉ ቃል ሊሄድ ይችላል፤ ከጎረቤቱ ተበድሮ የሚሞላው ነገር የለም። አድማጩ በዚህ ላይ የሚሰጠው ፍርድም ተጠንቷል። ኤሪን ኒውማንና ኖርበርት ሽዋርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የሳይንቲስቶችን ንግግር ለአንዳንዶች በጥሩ ድምፅ፣ ለሌሎች በተበላሸ ድምፅ አቀረቡ። የንግግሩ ይዘት አንድ ነው። በተበላሸ ድምፅ የሰሙት ግን ምርምሩንም ተመራማሪውንም ዝቅ አድርገው ገመገሙ። ኤክሴል ወይም የሒሳብ ፕሮግራም የሚያስተምር ሰው ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ከመሰለ ሰሚው ዕውቀቱንም ይጠራጠራል ማለት ነው።

እንግዲህ መሣሪያ ሲመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ድምፅን እንዴት ይይዛል?» የሚል ይሁን። ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚመጡት መቅረጫዎች በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። በዊንዶውስ ያለው ጌም ባር፣ ማለትም የዊንዶውስ ቁልፍንና ጂን ሲጫኑ የሚመጣው፣ አንድን ፕሮግራም ከነድምፁ ይቀርጻል፤ ዴስክቶፑንና ፋይል ኤክስፕሎረርን ግን አይቀርጽም። በዊንዶውስ 11 ያለው ስኒፒንግ ቱል የመረጡትን የስክሪን ክፍል ይቀርጻል፣ ለአጭር ማሳያ ይበቃል፣ ድምፁን ለየብቻ ይዞ ለማረም ግን አይመችም። በማክ ሺፍት፣ ኮማንድና 5ን በመጫን የሚገኘው መቅረጫ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቢኖርም፣ ማይኩን ይቀበላል እንጂ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ ለዓመታት ሲተው ኖሯል። ከኡቡንቱ ጋር አብሮ የሚመጣው መቅረጫ ደግሞ ድምፅ የሚባል ነገር አይዝም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምናወራው ስለ ኦቢኤስ ስቱዲዮ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ሲከፍቱት የአውሮፕላን መንጃ ክፍል ይመስላል የሚለው ቅሬታ ትክክል ነው፤ ግን ከቁልፎቹ መካከል ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት በጣም ጥቂት ናቸው፣ አብዛኞቹም የድምፅ ናቸው።

ፕሮግራሙን ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱና ይጫኑ። መጀመሪያ ሲከፈት ለቀጥታ ስርጭት ነው ወይስ ለቀረጻ ብሎ ሲጠይቅ ቀረጻን ይምረጡ። ከታች «ሶርስስ» በሚለው ሳጥን የመደመር ምልክቱን ነክተው መላ ስክሪኑን ከፈለጉ «ዲስፕሌይ ካፕቸር»፣ አንድ መስኮት ብቻ ከፈለጉ «ዊንዶው ካፕቸር» ይጨምሩ። ምስሉን እዚህ ላይ ይተውትና ወደ ድምፁ ይለፉ። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ሁሉ በጅምላ የሚይዘው «ዴስክቶፕ ኦዲዮ» ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ከ2022ቱ 28ኛ እትም ጀምሮ የመጣው «አፕሊኬሽን ኦዲዮ ካፕቸር» ሲሆን የአንድን ፕሮግራም ድምፅ ብቻ ነጥሎ ይይዛል። ሁለተኛውን እመክራለሁ። በጅምላ ሲይዙ የቴሌግራም መልእክት በገባ ቁጥር ድምፁ ቀረጻው ውስጥ ይቀራል፤ ነጥለው ሲይዙ አሳሹ የሚያጫውተው ትምህርት ብቻ ይገባል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ነጥለው ከያዙ በሴቲንግስ ውስጥ «ኦዲዮ» የሚለውን ከፍተው ዴስክቶፕ ኦዲዮን «ዲሴብልድ» ያድርጉት። ሁለቱም ክፍት ከሆኑ አንዱ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይገባና ባዶ በርሜል ውስጥ የሚነገር ይመስላል። በማክ 13ኛው እትምና ከዚያ ወዲህ «ማክኦኤስ ስክሪን ካፕቸር» የሚለው ምንጭ ድምፁንም አብሮ ያመጣል። ከዚያ በፊት ባሉ እትሞች ብላክሆል የሚባለውን ነፃ የድምፅ ማስተላለፊያ መጫን ያስፈልጋል። በሊኑክስ «ኦዲዮ አውትፑት ካፕቸር» ይበቃል።

አሁን ማይኩ። ስለ ማይክ ዋጋ ብዙ ይባላል፤ ከዋጋው ይልቅ ርቀቱ ይበልጣል። ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ ትንሽ ወደ ጎን የተቀመጠ ርካሽ ማይክ ጠረጴዛው ማዶ ከተተወ ውድ ማይክ የተሻለ ይሰጣል፤ ድምፅ ከምንጩ በራቀ ቁጥር እየደከመ፣ የክፍሉ ማስተጋባት ደግሞ እየገነነ ስለሚሄድ። በላፕቶፑ ላይ የተገጠመው ማይክ ከሁሉም የሚያንሰው ከማራገቢያውና ከኪቦርዱ ጎን ስለተቀመጠ ነው። የስልክ ማዳመጫ ላይ ያለው ማይክ እንኳ ይሻላል። በሲሚንቶ ግድግዳ የተከበበ ባዶ ክፍል ድምፅን ይመልሳል፤ መጋረጃ፣ ፍራሽ፣ ከጀርባ የተሰቀለ ጋቢ ይህን ይቀንሳሉ። በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚቀርጽ ግን ሐቁን መናገር ይሻላል፤ ዝናቡን የሚያጠፋ ማጣሪያ የለም፣ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ድምፅ በስፒከር ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ያድምጡ። ስፒከሩ ክፍት ከሆነ ያው ድምፅ ተመልሶ በማይኩ ይገባል፣ በኋላ ሊለያቸው የሚችል የለም። ማዳመጫው ባለገመድ ቢሆን ይመረጣል። የብሉቱዝ ማዳመጫ ማይኩ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ወደ ስልክ ጥሪ ሁኔታ ይዞርና የሚሰሙትም የሚናገሩትም ጥራት በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ማዳመጫው የተበላሸ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ማዳመጫው ደኅና ነው፣ የተቀየረው ግንኙነቱ ነው።

በኦቢኤስ ታችኛ ክፍል ድምፅ ሲገባ የሚወጡና የሚወርዱ ባለቀለም ዘንጎች አሉ። አረንጓዴው ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል ላይ ያልቃል፣ ቢጫው እስከ 9 ይደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ቀይ ነው። እንደ ልማድዎ እየተናገሩ የማይኩ ዘንግ ከፍ ሲል ቢጫው መሐል እንዲደርስ ያስተካክሉ። ቀዩን ከነካና ዜሮ ላይ ከተላተመ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅም በምንም አይጠገንም። ከኮምፒውተሩ የሚመጣው ሙዚቃም ሆነ ንግግር አረንጓዴው ውስጥ ይቆይ፤ ከእርስዎ ድምፅ ጋር መፎካከር የለበትም። ማይኩ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ከሆነ «አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሞኖ» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። የጀርባ ጩኸት ካለ በማይኩ ፊልተሮች ውስጥ «ኖይዝ ሰፕረሽን» ይጨምሩ። ከሁለቱ ዘዴዎች አርኤንኖይዝ የሚባለው የተሻለ ያጸዳል፣ ለኮምፒውተሩ ግን ይከብዳል፤ ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ስፒክስን ይምረጡ። ማጣሪያ አያብዙ ባይ ነኝ። የማያቋርጥ የማራገቢያ ድምፅን ያስወግዳል፣ የጎረቤትን ወሬ ግን አያስወግድም።

ኦቢኤስን ከቀላሎቹ መቅረጫዎች የሚለየው ትልቁ ነገር የድምፅ ትራክ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ እስከ 6 ትራክ ለየብቻ መያዝ ይቻላል። በሴቲንግስ ውስጥ «አውትፑት» የሚለውን ከፍተው ሁኔታውን ከ«ሲምፕል» ወደ «አድቫንስድ» ይለውጡ፣ በ«ሬከርዲንግ» ሥር 1፣ 2 እና 3 ትራኮችን ይምረጡ። ቀጥሎ አድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስን ይክፈቱና ማይኩን በ1 እና በ2፣ የኮምፒውተሩን ድምፅ በ1 እና በ3 ያድርጉት። አንደኛው ትራክ ሁለቱን የደባለቀ፣ ሁለተኛው የእርስዎ ንግግር ብቻ፣ ሦስተኛው የኮምፒውተሩ ብቻ ይሆናል። «ለምን ይህ ሁሉ? በኤዲቲንግ ይስተካከላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ተቃውሞው ኤዲቲንግ የሚችለውንና የማይችለውን ይደባልቃል። ኤዲቲንግ ዝቅ ያለውን ከፍ ያደርጋል፣ የሳሉበትን ቦታ ይቆርጣል፤ አንድ ላይ የተቀዱ ሁለት ድምፆችን ግን ለመለየት ይቸገራል። በእርስዎ ማብራሪያና በቪዲዮው ሙዚቃ መካከል ያለውን ሚዛን ኋላ ለመለወጥ የሚያስችለው ትራኮቹ ሲቀረጹ መለየታቸው ብቻ ነው። ቦታ ይፈጃል የሚለውም ስሌት አይደግፈውም። በሰከንድ 160 ኪሎቢት የሚፈጅ የድምፅ ትራክ በሰዓት 72 ሜጋባይት ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ትራክ 144 ሜጋባይት ይጨምራል። በሰከንድ 2,500 ኪሎቢት የተቀረጸ ምስል ብቻውን በሰዓት 1.1 ጊጋባይት ይወስዳል። ቦታ መቆጠብ የፈለገ ሰው እጁን መስደድ ያለበት ምስሉ ላይ ነው።

የፋይሉን ፎርማት እንደ ተራ ምርጫ የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው፣ መብራት ሳይታሰብ በሚሄድበት አገር ግን ተራ አይደለም። የተለመደው ኤምፒ4 ፋይል የት ምን እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው በሥርዓት ሲዘጋ ነው። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በመብራት ላይ እየሠራ ቀረጻው 50ኛ ደቂቃ ላይ መብራት ቢጠፋ፣ 50ው ደቂቃ ዲስኩ ላይ አለ፤ ግን ማውጫ ስለሌለው አይከፈትም። ኤምኬቪ የሚባለው ፎርማት እየተጻፈ የሚሄድ ስለሆነ እስከተቋረጠበት ሰከንድ ድረስ ያለው ይተርፋል። ስለዚህ በኤምኬቪ ይቅረጹ። ካለቀ በኋላ «ፋይል» ከሚለው ሜኑ «ሪማክስ ሬከርዲንግስ» በሚለው ወደ ኤምፒ4 ይለውጡት፤ ምስሉና ድምፁ እንደገና ስለማይጨመቁ ጥራት አይቀንስም፣ ጊዜም አይፈጅም። በቅርቦቹ እትሞች የመጣው «ሃይብሪድ ኤምፒ4» ይህንኑ ችግር ለመፍታት የተሠራ ነው፤ ያለው ይጠቀምበት፣ የሌለው በኤምኬቪ ምንም አይጎድልበትም።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ፤ እዚህ ብዙ አንቆይም። ለትምህርት ቀረጻ በሰከንድ 30 ፍሬም ይበቃል፣ ላፕቶፑ ደካማ ከሆነ 15 እንኳ አይከፋም፤ የሚንቀሳቀሰው የመዳፊቱ ቀስት ነውና። «ኢንኮደር» በሚለው ሥር ኢንቴል ኩዊክሲንክ ወይም የኤንቪዲያ ኤንቬንክ ካለ ይምረጡት፤ የመጨመቁን ሥራ ከዋናው ፕሮሰሰር ያነሳለታል። «ኢንኮዲንግ ኦቨርሎድድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ከታች ከመጣ ምስሉን ወደ 1280 በ720 ዝቅ ያድርጉት። ለግዕዝ ፊደል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ፊደሎቻችን አንዱ ከሌላው የሚለዩት በቅጥልና በእግር ስለሆነ ጽሑፉ ትንሽ ከሆነ «ቡ» ከ«ቢ»፣ «ሩ» ከ«ሪ» በስልክ ስክሪን ላይ አይለዩም። ከመቅረጽዎ በፊት አሳሹን ወይም ሰነዱን እስከ 150 በመቶ ያጉሉት። ቀይ ጽሑፍ በሰማያዊ ላይ አይጠቀሙ፤ የተለመደው የቪዲዮ አጨማመቅ ለብርሃን ልዩነት እንጂ ለቀለም ልዩነት ብዙ ቦታ ስለማይሰጥ ጠርዙ ይደበዝዛል። ጥቁር በነጭ ሁልጊዜ ያዋጣል። ፊልም በክፍያ ከሚያሳዩ ድረ ገጾች ላይ ለመቅረጽ የሚሞክር ሰው ጥቁር ስክሪን ቢያገኝ ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ጥበቃው የተሠራው ለዚያ ነው።

ሁሉም ከተሰናዳ በኋላ ሰላሳ ሰከንድ ይቅረጹ። ዋናውን መግቢያ እንደሚናገሩት ይናገሩ፣ መሐል ላይ ዝም ይበሉ፣ ከኮምፒውተሩ ድምፅ ያጫውቱ፣ በመጨረሻም ኪቦርዱን አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው እየነኩ አንድ ፊደል ስክሪኑ ላይ ይጻፉ። ከዚያ ፋይሉን በማዳመጫ ያድምጡ፤ ማየቱ ይቆይ። ዝም ባሉበት ቦታ የሚሰማው የክፍልዎ ጩኸት ነው። ቀጥሎ ምስሉን ሲያዩ የቁልፉ ድምፅና የፊደሉ መታየት ካልተገጣጠሙ ልዩነቱን በአድቫንስድ ኦዲዮ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሲንክ ኦፍሴት» በሚለው በሚሊሰከንድ ያርሙት። ይህን ሙከራ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። የሰዓት ተኩል ትምህርት እንደገና ከመስጠት ጋር ሲወዳደር ሰላሳ ሰከንድ ምንም አይደለም፤ ደግሞም ሁለተኛው ጊዜ እንደ መጀመሪያው አይጥምም፤ የተናጋሪው ስሜት ይወርዳል፣ ተሰብሳቢዎችም ከነጭራሹ ላይገኙ ይችላሉ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያየው በስልክ፣ በታክሲ ውስጥ፣ ድምፁን ዘግቶ ነው፤ ታዲያ ድምፅን ማስቀደም ለምን? እውነትነት አለው፣ ለአጭር ማስታወቂያ ከሆነ ተቃውሞውን እቀበላለሁ። ለመማር የተቀመጠ ሰው ግን አንድ ፕሮግራም ሲሠራበት እያየ ለምን እንደሆነ መስማት ይፈልጋል፤ ስክሪኑ የት እንደተነካ ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከሥር ጽሑፍ ቢጨመርም ጽሑፉን የሚያዘጋጀው ሰው መጀመሪያ በጥራት መስማት አለበት። ዳታ ያለቀበት ተማሪም ድምፁን ብቻ ነጥሎ ቢላክለት በ72 ሜጋባይት የአንድ ሰዓት ትምህርት ያገኛል፤ ድምፅ የሌለው ምስል ቢላክለት ምን ያደርግበታል?

ስብሰባ ወይም የኦንላይን ክፍል የሚቀርጹ ከሆነ ሁለት ነገር ይጨመራል። ዊንዶውስ ጥሪ ሲጀመር የሌሎቹን ፕሮግራሞች ድምፅ በራሱ በ80 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፤ በኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሳውንድ»፣ ከዚያ «ኮሚዩኒኬሽንስ» የሚለውን ከፍተው «ዱ ናቲንግ» ያድርጉት። ሁለተኛው ፈቃድ ነው። የሰዎችን ድምፅ ከመቅረጽዎ በፊት ይንገሯቸው፣ እሺ ማለታቸውንም በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ያስቀሩት። ይህ ከጨዋነት ያለፈ ነገር ነው። በካሊፎርኒያ የሚስጥር ንግግርን ለመቅረጽ የሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፣ በጀርመን የሰውን ለሕዝብ ያልተነገረ ቃል ያለፈቃድ መቅረጽ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 201 ያስጠይቃል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሎስ አንጀለስ፣ አንዱ ፍራንክፈርት ሆነው በአንድ ስብሰባ የሚገናኙ የማኅበር አባላት ሊያስቡበት የሚገባ ነው። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

ፋይሉን ሲያካፍሉ አብዛኛው ማጫወቻ የመጀመሪያውን ትራክ ብቻ እንደሚያጫውት አይርሱ። ድብልቁን በ1 ላይ ያደረግነው ለዚህ ነው፤ ማይኩ በ2 ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ ተመልካቹ የኮምፒውተሩን ድምፅ እየሰማ እርስዎን አይሰማዎትም ነበር። በቴሌግራም ከላኩ «እንደ ቪዲዮ» ሳይሆን «እንደ ፋይል» ይላኩት፤ አለዚያ እንደገና ይጨመቅና ፊደሉም ድምፁም ይጎዳል። ለነፃ ተጠቃሚ የአንድ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋባይት ስለሆነ፣ ከዚያ የበለጠ ቀረጻ ካለዎት በየርዕሱ ይክፈሉት። ባለሦስት ትራኩን ዋናውን የኤምኬቪ ፋይል ግን ለራስዎ ያስቀሩት፤ ከሳምንት በኋላ ሙዚቃው በዛ የሚል አስተያየት ሲመጣ የሚያርሙት ከእሱ ላይ ነው።